ዘበኛው እሳት ሊያጠፋ ሲሄድ፦ ቫይረስ በካንሰር ሴል ውስጥ ለምን እንደ ልቡ ይባዛል?

ባለፈው ሰሞን በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ቪዲዮ ዞረ። ድምፀ ወፍራም ሰውዬ ይናገራል። ከጀርባው የሚያስደነግጥ ሙዚቃ አለ። ከፊት በቀይ የተጻፈ ርዕስ፦ «የጉንፋን ቫይረስ ካንሰርን በላው!» እትዬ ወዲያው የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። «አንተ ልጅ፣ ባዮሎጂ አይደል የተማርከው? ይኼ ነገር እውነት ነው ወይስ እንደ ነጭ ሽንኩርቱ ነው?»

(የነጭ ሽንኩርቱ ነገር ሌላ ታሪክ ነው። እንለፈው።)

«ግማሹ እውነት ነው» ብዬ መለስኩ። እትዬ ግማሽ እውነት አይወዱም። «እንግዲያው ሙሉውን ንገረኛ!» አሉ። ሙሉው በድምፅ መልእክት የሚያልቅ አልሆነልኝም።

እውነት የሆነው ግማሽ ይኼ ነው። አንድ ዓይነት ቫይረስ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሴሎች ውስጥ ይገባል። አንዱ ጤነኛ ነው፣ ሌላው የካንሰር ሴል ነው። ጤነኛው ውስጥ የቫይረሱ ዲኤንኤ ታፍኖ ሊቀር ይችላል። የካንሰሩ ውስጥ ግን ያው ዲኤንኤ በሺዎች ተባዝቶ፣ ሴሉን አፈንድቶ ይወጣል። ታዲያ የካንሰሩ ሴል ምኑ ተለየ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገሩን የሚያጠኑት ሰዎች ራሳቸው ግን ለዓመታት የተሳሳተ መልስ ይዘው ሄደዋል። መድኃኒት ሠርተው፣ ሰው ላይ ሞክረው፣ መድኃኒቱ የሚሠራው እነሱ ባሰቡት ምክንያት እንዳልሆነ የተረዱት ቆይተው ነው። እኔን የሳበኝ ይኼ ነው።

ገጽ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍለጋ

ቫይረስ ማለት አንዲት ገጽ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍለጋ የሚዞር ሰው ነው። ወረቀት የለውም። ቀለም የለውም። መብራት የለውም። አንዳንዱ የኮፒ ማሽኑን አሠራር ገጹ ላይ ጽፎ ይመጣል፤ ወረቀቱና ቀለሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ነው።

የጉንፋኑን ቫይረስ እንውሰድ። አዴኖቫይረስ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከአፍንጫ ጀርባ ካለችው አዴኖይድ ከምትባል ሥጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 መጀመሪያ የተገኘው ከልጆች ተቆርጦ ከወጣ አዴኖይድ ውስጥ ነበር። ዲኤንኤው 36 ሺህ ያህል ፊደል አለው። የእኛ አንድ ሴል ከ6 ቢሊዮን በላይ ፊደል ተሸክሟል። አንዲት ገጽ ይዞ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደ መግባት ነው።

ችግሩ ቤቱ ተዘግቷል። አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያሉ ሴሎች አብዛኞቹ እየተከፈሉ አይደለም። የማይከፈል ሴል ዲኤንኤ አይቀዳም። ዲኤንኤ የማይቀዳ ሴል ደግሞ ለቅጂው የሚያስፈልገውን ጥሬ ዕቃ በብዛት አያከማችም። ለምን ያከማቻል? ደንበኛ የለም።

አዴኖቫይረስ ታዲያ ቤቱን በግድ ያስከፍታል። ኢ1ኤ የሚባል ፕሮቲን አለው። ይኼ ፕሮቲን ሄዶ አርቢ የተባለውን የሴሉን ፕሮቲን ጠፍሮ ይይዘዋል። አርቢ ማለት ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የተቀመጠ ሰው ነው። «አሁን መከፈል የለም» ብሎ ሴሉን የሚያስቀምጠው እሱ ነው። እሱ ሲታሰር ኢ2ኤፍ የሚባሉ ፕሮቲኖች ይለቀቃሉ። ከዚያ ማሽኑ ይበራል፣ ወረቀቱ ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ነገር አለች፦ ኢ2ኤፍ ስሙን ያገኘው ከአዴኖቫይረስ ነው። የቫይረሱን ኢ2 ጂን ስለሚያስነሳ እንዲያ ተባለ። ስለ ራሳችን ሴል የምናውቀውን ያስተማረን ሌባው ነው።

ቤቱን በግድ ማስከፈት ግን ዝም ብሎ አያልፍም። ሴሉ ያለ ፈቃድ መነሳቱን የሚያውቅ ሌላ ፕሮቲን አለ፤ ፒ53 ይባላል። ነገሩ ካላማረው ሴሉን ያቆመዋል፣ ወይም ራሱን እንዲያጠፋ ያደርገዋል። (ፒ53ም እ.ኤ.አ. በ1979 የተገኘው ኤስቪ40 የሚባል የዝንጀሮ ቫይረስ ሲጠና ነው። አሁንም ያው ሌባ።) አዴኖቫይረስ ለዚህም ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ኢ1ቢ-55ኬ የሚባል ሁለተኛ ፕሮቲን ልኮ ፒ53ን ያሰናክለዋል።

አሁን ልብ በሉ። አርቢን ማሰር፣ ፒ53ን ማሰናከል። ካንሰርስ የሚያደርገው ምንድን ነው? ይኼንኑ! በርካታ ካንሰሮች ውስጥ የአርቢ መንገድ ተበላሽቷል። ከካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ውስጥ ፒ53 ራሱ ተቀይሯል። ቫይረሱ በሰዓታት የሚሠራውን ካንሰሩ በዓመታት ጨርሶ ጠብቆታል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ 24 ሰዓት ክፍት ነው።

ያማረው መልስ

እ.ኤ.አ. በ1996 ካሊፎርኒያ የሚገኘው ኦኒክስ የተባለ ኩባንያ ተመራማሪዎች፣ ከፍራንክ ማኮርሚክ ጋር፣ አንድ ሐሳብ ይዘው ወጡ። ሐሳቡ ለማመን የሚጋብዝ ነው። ቫይረሱ ኢ1ቢ-55ኬን የሚፈልገው ፒ53ን ለማሰናከል ነው አይደል? እንግዲያው ይኼን ፕሮቲን ከቫይረሱ እንንቀለው። ጤነኛ ሴል ውስጥ ሲገባ ፒ53 ይይዘዋል፣ መባዛት ያቅተዋል። ፒ53 የሌለው ካንሰር ውስጥ ሲገባ ግን የሚይዘው የለም። ይባዛል፣ ሴሉን ያፈነዳል፣ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ቫይረሱን ኦኒክስ-015 አሉት።

ብዙ ሰው ወደደው። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ወድጄዋለሁ። ሁሉ ነገር ገጥሟል።

ከዚያ ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሞከሩት። ፒ53 ደህና ሆኖ ባለባቸው አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ውስጥም ተባዛ። ፒ53 በሌላቸው አንዳንዶች ውስጥ ደግሞ እምቢ አለ። ሐሳቡ ከሴሉ ጋር አልገጠመም።

መልሱ እ.ኤ.አ. በ2004 መጣ። ክሎዳ ኦሼ የምትባል ተመራማሪ፣ ከማኮርሚክ ጋር ሆና፣ የተነቀለው ፕሮቲን ሌላ ሥራም እንዳለው አሳየች። ሁላችንም የምናውቀው አንድ ሠራተኛ ለካ ሁለት መሥሪያ ቤት ይፈርማል። ኢ1ቢ-55ኬ ፒ53ን ከማሰናከል በተጨማሪ፣ የቫይረሱን የኋለኛ ጂኖች መልእክት ከኒውክሊየስ፣ ማለትም ዲኤንኤው ከሚቀመጥበት የሴሉ ክፍል፣ አውጥቶ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ያደርሳል። ይኼን ሥራ አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ለቫይረሱ ራሳቸው ይሠሩለታል። ጤነኞቹ አይሠሩለትም። ኦኒክስ-015 እየመረጠ የሚባዛው በዚህ ምክንያት ነበር። ፒ53 ዋናው ጉዳይ አልነበረም።

መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ አልበቃም። ቻይና ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 የሱን ቅርብ ዘመድ፣ ኤች101ን፣ ለጭንቅላትና አንገት ካንሰር ከኬሞቴራፒ ጋር እንዲሰጥ ፈቀደች። ካንሰርን ለማከም በዘረመሉ ተስተካክሎ የተፈቀደ የመጀመሪያው ተባዥ ቫይረስ እሱ ነው። ምክንያቱ ተሳስቶ ሳለ መድኃኒቱ ተፈቀደ ማለት ነው። ይኼ ብዙ ሰው ይደንቀዋል። በሕክምና ታሪክ ግን እንግዳ ነገር አይደለም።

ዘበኛው

ኦሼ ነገሩን አልተወችውም። ላ ሆያ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሳልክ ኢንስቲትዩት ገብታ ቀጠለች። ጥያቄዋ ወደ ዲኤንኤው ራሱ ወረደ። አሁን አንዲት ሴል ውስጥ ገብተን እንይ።

ጤነኛ ሴል ነው፤ ከአየር ቧንቧ ግድግዳ የመጣ እንበል። ቫይረሱ ዲኤንኤውን ኒውክሊየስ ውስጥ ጥሏል። ይኼ ዲኤንኤ ቀጥ ያለ ገመድ ነው። ገመድ ደግሞ ሁለት ጫፍ አለው። ለሴሉ ጫፍ መጥፎ ዜና ነው። የእኛ ክሮሞሶሞች፣ ማለትም የራሳችን የዲኤንኤ ገመዶች፣ ጫፋቸው እንደ ጫማ ክር በቴሎሜር ተሸፍኗል። ስለዚህ ኒውክሊየስ ውስጥ ያልታወቀ ጫፍ ከታየ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ክሮሞሶም ተበጥሷል።

ይኼን የሚጠብቅ ዘበኛ አለ። ኤምአርኤን ይባላል። ሦስት ፕሮቲኖች ተያይዘው የሠሩት ነው፤ ኤምአርኢ11፣ ራድ50 እና ኤንቢኤስ1። ሥራው ቀን ከሌት ኒውክሊየሱን እየዞረ የተበጠሰ ዲኤንኤ መፈለግ ነው። ሲያገኝ ይይዘዋል፣ ሌሎችን ይጠራል፣ ጥገናው ይጀመራል።

የቫይረሱን ጫፍም ያገኘዋል። ቢሳካለት ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ2002 ታይቷል፣ ያኔም ሳልክ ውስጥ፣ በማቲው ዋይትዝማን ላቦራቶሪ። የተበጠሰ ክሮሞሶም እየጠገነ ስለሚመስለው የቫይረሱን ዲኤንኤዎች ጫፍ ለጫፍ ይቀጣጥላቸዋል። የወጣው ሰንሰለት ይረዝማል። ሰንሰለቱ ደግሞ የቫይረሱ ሽፋን ውስጥ አይገባም። ዘበኛው ሌባውን በጥገና ጠፍንጎ ያዘው ማለት ነው። ምንም ያልተነቀለበት አዴኖቫይረስ ለዚህም ብልሃት አለው። በአንድ ፕሮቲን ዘበኛውን ወጥመድ ውስጥ ይከታል፣ በሌሎች ሁለት ያስፈርሰዋል። ዘበኛውን ሥራ ላይ ማየት የፈለጉ ተመራማሪዎች እነዚህ ወጥመዶች የተነቀሉበትን ቫይረስ ይጠቀማሉ።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ እንምጣ። የራሳችን ዲኤንኤ ላይ ጥቂት ብጥስ ሲገኝ መላው ሴል ይረበሻል። ማስጠንቀቂያው ከብጥሱ ተነስቶ በክሮሞሶሙ ላይ ርቆ ይዘረጋል። መከፈል ይቆማል። የቫይረሱ ዲኤንኤ ግን ብዙ ጫፍ ይዞ ገብቶ ሴሉ አይረበሽም። ኑሮውን ይቀጥላል። ዘበኛው አላየውም እንዳይባል፣ አይቶታል!

ጎቪንድ ሻህ እና ክሎዳ ኦሼ እ.ኤ.አ. በ2015 ሴል በተባለው መጽሔት ላይ መልሱን አወጡ። ዘበኛው ሁለት ዓይነት ጩኸት አለው። ለቫይረስ ሲሆን እዚያው፣ በቦታው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሠራው። ያንን ዲኤንኤ ብቻ ይዞ እንዳይባዛ ያደርገዋል፤ ግቢውን አይረብሽም። ለራሱ ክሮሞሶም ሲሆን ግን ግቢውን ሁሉ ያነቃል።

እኔን ያቆመኝ የሚቀጥለው ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲመጡስ? ቫይረስ ገብቷል፣ በዚያው ሰዓት የሴሉ የራሱ ዲኤንኤ ተበጥሷል። ተመራማሪዎቹ ይኼንን አደረጉ። ዘበኛው ቫይረሱን ጥሎ ሄደ። ወደ ክሮሞሶሙ ሮጠ። የተለቀቀው የቫይረስ ዲኤንኤ መባዛት ጀመረ።

ሰፈር ውስጥ የኖረ ሰው ይኼን ለመረዳት ሳይንስ አያስፈልገውም። ጓሮ እሳት ተነስቷል። ዘበኛው ባልዲ ይዞ ሮጧል። በዋናው በር ማን ገባ ማን ወጣ የሚል የለም። ዘበኛው አልሰነፈም። ቅድሚያ የሚሰጠውን ሰጥቷል። ለሴሉ ከአንድ ጉንፋን ይልቅ የተበጠሰ ክሮሞሶም ይብሳል።

የካንሰር ሴል ደግሞ ሁልጊዜ እሳት ያለበት ግቢ ነው። ያለ እረፍት ይከፈላል፤ ሲጣደፍ ዲኤንኤውን ይበጥሳል፤ የጥገና ክፍሎቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ጎድለዋል። ዘበኛው አለ፤ ግን በር ላይ አይገኝም። ስለዚህ ወጥመዱ የተነቀለበት ደካማ ቫይረስ ጤነኛው ሴል ውስጥ ሲያዝ፣ ካንሰሩ ውስጥ ዘበኛ አልባ ቤት ያገኛል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ጨረር ሕክምና የሚሠራው ዲኤንኤ በመበጠስ ነው። በመርህ ደረጃ ጨረርና ቫይረስ አብረው ቢሰጡ አንዱ ለሌላው በር ይከፍታል። ግን ልብ በሉ፣ ጨረሩ ያረፈበት ጤነኛ ሴልም ዘበኛውን ወደ እሳቱ ይልካል። በሩ የሚከፈተው ለሁሉም ነው። ቪዲዮው ውስጥ ያለው ድምፀ ወፍራም ሰውዬ ይኼን አልነገረንም።

ምች

አዴኖቫይረስ ብቻውን አይደለም። ምች መታኝ ብለን ዳማከሴ የምናሽበትን፣ ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል ታውቁታላችሁ። የቁስሉ ባለቤት ኸርፒስ ሲምፕሌክስ 1 የሚባል ቫይረስ ነው። ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል፤ እናቶቻችን «ፀሐይ መታህ» ሲሉ ከእውነት ብዙም አልራቁም።

ኸርፒስ ዲኤንኤው 150 ሺህ ያህል ፊደል ነው። ሀብታም ቫይረስ ነው፤ ወረቀትና ቀለም የሚሠራባቸውን ኢንዛይሞች ጭኖ ይዞራል። የማይከፈለው የነርቭ ሴል ውስጥ መባዛት የሚችለውም ለዚህ ነው። ቤቱ ቢዘጋ የራሱ አለው። እንግዲያው እነዚያን ኢንዛይሞች ብንነቅልበትስ? የማይከፈል ሴል ውስጥ ይራባል። የሚከፈል የካንሰር ሴል ውስጥ ግን ከቤቱ ተበድሮ ይባዛል። ሮበርት ማርቱዛ እ.ኤ.አ. በ1991 ይኼንኑ በአይጥ የአንጎል ዕጢ ላይ አሳየ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ጃፓን በዚሁ መስመር የመጣ ዴሊታክት የተባለ ቫይረስ ለአንጎል ካንሰር በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ ሰጠችው።

በመካከሉ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ኢምሊጂክን ፈቀደች፤ ለሜላኖማ፣ ማለትም ለቆዳ ካንሰር ክፉ ዓይነት። የተሠራው ከምች ቫይረስ ነው። በዕጢው ውስጥ በቀጥታ ይወጋል። በዋናው ጥናት 436 ሰዎች ተሳትፈዋል። ዘላቂ መሻሻል ያሳዩት ቫይረሱን ካገኙት 16.3 በመቶ፣ ካላገኙት 2.1 በመቶ ናቸው። ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን ከመቶ ሰማንያ ምናምኑ ያንን አላገኙም። ለእትዬ «ግማሹ» ያልኩት ለዚህ ነው።

ለምን እዚህ ላይ ይቆማል? ሴሉ በር ቢከፍትም ሰውነት አይከፍትም። ቫይረሱ ገና ተባዝቶ ሳይጨርስ የሰውነት መከላከያ ይደርስበታል። ብዙዎቻችን ለአዴኖቫይረስም ለኸርፒስም ቀድሞ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል አለን። ደም ሥር ውስጥ ቢሰጥ ዕጢው ጋ ሳይደርስ ይለቀማል። ዛሬ ባለሙያዎቹ ይኼንኑ ጠላት ወዳጅ ማድረግ ይዘዋል። ኢምሊጂክ ውስጥ የመከላከያ ሴሎችን የሚጠራ ጂን ተጨምሯል። ቫይረሱ የሚያፈነዳቸው ጥቂት ሴሎች ጩኸት ይሆኑና ሠራዊቱ ወደ ዕጢው ይመጣል። የቫይረሱ መባዛት መግቢያ ሆነ፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሌላ ነው።

የታሰረው እንግዳ

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ «ካንሰር ሴል ለቫይረስ ገነት ነው» የሚል ይመስላል። አይደለም። ተቃራኒውን የሚያሳይ ቫይረስ አለ፤ እኛንም በቀጥታ የሚነካው እሱ ነው።

ኤችፒቪ። የማህፀን በር ካንሰር መንስኤ። ዲኤንኤው ክብ ነው፤ 8 ሺህ ያህል ፊደል ብቻ። ድሃ ቫይረስ ነው። የኮፒ ማሽን እንኳ የለውም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉን ከሴሉ ይዋሳል።

የማህፀን በር ቆዳ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው። የሚከፈሉት የታችኛው ረድፍ ሴሎች ናቸው። ከዚያ ወደ ላይ እየተገፉ ይወጣሉ፣ መከፈል ያቆማሉ፣ በመጨረሻ ይረግፋሉ። ኤችፒቪ በትንሽ ጭረት ገብቶ ታች ያለው ሴል ውስጥ ይቀመጣል። እዚያ ጨዋ ነው። ቅጂዎቹን በጥቂቱ ይዞ ሴሉ ሲከፈል አብሮ ይከፈላል። ሴሉ ወደ ላይ ወጥቶ መከፈሉን ሲያቆም ነው ጉድ የሚጀምረው። ኢ7 የተባለ ፕሮቲኑ አርቢን ያጠፋል፣ ኢ6 ፒ53ን ያስፈርሳል፣ የተዘጋው ፎቶ ኮፒ ቤት ይከፈታል። ቅጂው ሺዎች ይደርሳል። ሴሉ ሲረግፍ ቫይረሱ አብሮ ይወጣል።

ዘበኛው የት ሄደ? እዚያው አለ። ኤችፒቪ አያባርረውም፣ ወጥመድም አያዘጋጅለትም። ይቀጥረዋል! ኤምአርኤን እና ባልደረቦቹ ለኤችፒቪ መባዛት የሚያስፈልጉ ሆነው ተገኝተዋል። ጉንፋኑ የሚሸሸውን ዘበኛ ይኼኛው የቀን ሠራተኛ አድርጎታል። «ቫይረስ እንዲህ ነው» ብሎ በጅምላ መናገር የማይቻለው ለዚህ ነው።

ይኼ ሁሉ ጤነኛ ቆዳ ውስጥ ነው። ካንሰር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ብዙ ጊዜ የቫይረሱ ክብ ዲኤንኤ ይበጠስና የሴሉ ክሮሞሶም ውስጥ ይሰፋል። ሲበጠስ ኢ2 የሚባለው ልጓም በብዛት ይጠፋል። ኢ6 እና ኢ7 ያለ ልጓም ይጋልባሉ። ሴሉ ይከፈላል፣ ይከፈላል፣ ይከፈላል። በእያንዳንዱ ክፍፍል የቫይረሱም ቁራጭ ዲኤንኤ አብሮ ይቀዳል። የሚቀዳው ግን ሴሉ ነው፤ ቫይረስ የሚባል ነገር ከዚያ አይወጣም። ለኤችፒቪ ካንሰር ድል አይደለም። እስር ቤት ነው።

ማስረጃው በዓለም ዙሪያ በየላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ አለ። ሄንሪየታ ላክስ የምትባል አፍሪካ አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1951 ባልቲሞር ውስጥ በማህፀን በር ካንሰር ሞተች። ሳትጠየቅ ከዕጢዋ የተወሰዱት ሴሎች እስከ ዛሬ ይከፈላሉ፤ ሂላ ይባላሉ። ውስጣቸው የኤችፒቪ 18 ቁራጭ ተሰፍቶ አለ። ከ70 ዓመት በላይ ተቀድቷል። አንድ ሙሉ ኤችፒቪ ግን አልወጣበትም። በሜርክል ሴል የቆዳ ካንሰርም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው ቫይረሱ ዕጢው ውስጥ ሲገኝ የመባዣ ፕሮቲኑ ተቆርጦ ነው።

አንድ የታሪክ ምጸት አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 የአሜሪካ ብሔራዊ ካንሰር ኢንስቲትዩት ሐኪሞች አዴኖቫይረስን ካንሰር ባለባቸው ሴቶች ዕጢ ላይ ሞከሩ። የመረጡት የማህፀን በር ካንሰርን ነበር። የብዙዎቹ ዕጢ ከመሃል ሞተ፤ ዕድሜያቸው ግን አልረዘመም። ያኔ ማንም የማያውቀው፣ እነዚያ ዕጢዎች ውስጥ ቀድሞ የገባ ሌላ ቫይረስ ታስሮ ነበር። ሃራልድ ሱር ሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ይኼን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ኖቤሉን እ.ኤ.አ. በ2008 ወሰደ። አዲሱ ቫይረስ የገባበትን ፎቶ ኮፒ ቤት ያስከፈተው የቀድሞው ነበር።

ይኼ እስር ለሕክምናው ትርጉም አለው። ካንሰሩ ከተነሳ በኋላ ኤችፒቪ አይባዛም፣ ሽፋኑን አይሠራም፣ ከሴል ወደ ሴል አይሄድም። ክትባቱ የሰውነትን መከላከያ የሚያስተምረው ደግሞ ሽፋኑን እንዲያውቅ ነው። ሽፋን የለበሰ ነገር ከሌለ የሚይዘው የለም። ስለዚህ ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት፣ ልጅነት ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የጀመረችው በ14 ዓመት ልጃገረዶች መሆኑ ከዚህ ይመጣል። በአገራችን ሴቶች የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። አንድ ጊዜ መወጋት አማራጭ ሊሆን እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ተቀብሏል።

ይኼን ሁሉ ለእትዬ በሰባት የድምፅ መልእክት ላክሁላቸው። ሰባቱንም ሰምተው ይሆን አላውቅም። ከአንድ ሰዓት በኋላ መለሱ። ስለ ዘበኛው ምንም አላሉም። ስለ ምቹም ምንም።

«የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ወረቀት አምጥታ ነበር» አሉ። «የክትባት ነው አለችኝ። ፍሪጁ ላይ ሰንብቷል።» ከዚያ መልእክቱ ውስጥ የወረቀት መንኮሻኮሽ ይሰማል። እና ከሩቅ፣ ወደ ሌላ ሰው፦ «መነጽሬን የት ነው ያደረግሽው?»